የነቃች አይጥን የአንጎል እንቅስቃሴ በፋይበር ኦፕቲክ መቅዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፋይበር ፎቶሜትሪ ስለሚባለው የምርምር ዘዴ ተማሪዎችና አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ቀርበዋል።

ፋይበር ፎቶሜትሪ ምንድን ነው?

ፋይበር ፎቶሜትሪ አንዲት አይጥ ነቅታ ስትበላ፣ ስትሮጥ ወይም ሌላ አይጥ ስታሸት፣ በአንጎሏ ውስጥ በአንድ በተመረጠ ቦታ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት እንቅስቃሴ ሲጨምርና ሲቀንስ በብርሃን የሚከታተል ዘዴ ነው። ለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ማይክሮሜትር የሚወፍር የመስታወት ክር ወደሚፈለገው የአንጎል ክፍል ይተከላል። ያው አንድ ክር ሰማያዊ ብርሃን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሕዋሳቱ መልሰው የሚሰጡትን አረንጓዴ ብርሃን ደግሞ ወደ ውጭ ያመጣል።

ከመሣሪያው የሚገኘው ውጤት ምስል አይደለም። በእያንዳንዱ ቅጽበት የሚገኘው አንድ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ እሱም በዚያች ቅጽበት ተመልሶ የመጣው አረንጓዴ ብርሃን ብዛት ነው። ቁጥሮቹ በጊዜ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣና የሚወርድ መስመር ይሠራሉ፤ ተመራማሪውም ይህን መስመር አይጧ በዚያው ሰዓት ስታደርገው ከነበረው ነገር ጋር ያስተያየዋል።

የአንጎል ሥራ ኤሌክትሪክ አይደለም እንዴ? ብርሃን ስለ እሱ ምን ሊነግረን ይችላል?

የነርቭ ሕዋሳት በራሳቸው አያበሩም። እንዲያበሩ የሚያደርጋቸው ሰው ሠራሽ ፕሮቲን ነው። አንድ የነርቭ ሕዋስ የኤሌክትሪክ ምት በሚያሰማበት ጊዜ በሽፋኑ ላይ ያሉ በሮች ተከፍተው ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ በዕረፍት ጊዜ እጅግ ዝቅተኛ የነበረው የካልሲየም መጠንም በአንድ አፍታ ብዙ እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ካልሲየምን የሚከታተል ሰው የሕዋሱን ሥራ በተዘዋዋሪ መንገድ ይከታተላል ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ጂካምፕ የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ የሆነው በ2001 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጃፓናዊው ጁኒቺ ናካይና በባልደረቦቹ ነው። ፕሮቲኑ የተገጣጠመው ከሁለት ዋና ዋና ነገሮች ነው፤ አንደኛው ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1962 ከጄሊፊሽ ለይቶ ያወጣው አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ሲሆን፣ ሁለተኛው ካልሞዱሊን የሚባለው ካልሲየም ያዥ ፕሮቲን ነው። ካልሲየም ሲይዝ ቅርጹ ይለወጣል፤ ቅርጹ በተለወጠ ጊዜም ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ከቀድሞው በጣም የደመቀ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። ካልሲየሙ ሲለቀው ድምቀቱ ይቀንሳል። በ2013 በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሚገኘው የጄኔሊያ የምርምር ማዕከል የተሠራው ስድስተኛው ትውልድ ጂካምፕ ከቀደሙት እጅግ የላቀ በመሆኑ፣ ዘዴው በየላብራቶሪው እንዲስፋፋ ያደረገው ዋናው ምክንያት እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዘዴው መቼ ተጀመረ?

በፋይበር ከአንጎል ብርሃን መቀበል ራሱ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ2005 በሙኒክ የነበሩ ተመራማሪዎች በኬሚካል ማቅለሚያና በፋይበር ተጠቅመው አዲስ በተወለዱ አይጦች የአንጎል ቅርፊት ላይ የሚጓዙ የካልሲየም ሞገዶችን ቀድተዋል። የኬሚካል ማቅለሚያው ችግር ሁሉንም ሕዋስ ሳይለይ ማቅለሙና ቶሎ መጥፋቱ ነበር።

ለውጡ የመጣው በፕሮቲን የተሠሩ ጠቋሚዎች በዘረመል መንገድ በተመረጡ ሕዋሳት ብቻ እንዲገኙ ማድረግ ሲቻል ነው። በ2013 ጉኦሆንግ ኩይ፣ ሩዊ ኮስታና ባልደረቦቻቸው በዚህ መንገድ ስትራያተም በሚባለው፣ እንቅስቃሴን ከሚመሩት አንዱ በሆነው የአንጎል ክፍል ውስጥ የሚገኙትን ሁለት የእንቅስቃሴ መስመሮች ለየብቻ ለኩ። በጊዜው ሰፍኖ የነበረው አስተሳሰብ አንዱ መስመር እንቅስቃሴን ያስነሳል፣ ሌላው ይገታል የሚል ነበር፤ የተገኘው ውጤት ግን አይጧ እንቅስቃሴ ስትጀምር ሁለቱም መስመሮች አብረው እንደሚነሡ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊሳ ጉናይዲን፣ ካርል ዳይሰሮትና ባልደረቦቻቸው ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሳት አይጦች እርስ በርስ ሲገናኙ የሚያሳዩትን ለውጥ፣ ሕዋሳቱ ካሉበት ቦታ ብቻ ሳይሆን የሕዋሳቱ ጅማቶች ከሚያርፉበት ሩቅ ቦታም ጭምር ቀዱ። ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች በኋላ ዘዴው የጥቂት ላብራቶሪዎች ብቻ መሆኑ ቀረ።

ለመጀመር ምን ዓይነት መሣሪያ ያስፈልጋል?

ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። ሁለት የብርሃን ምንጮች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሞገድ ርዝመቱ 470 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ሰማያዊ፣ ሌላው 405 ወይም 415 ናኖሜትር የሆነ ወይን ጠጅ ነው። ብርሃኖቹን የሚያዋህዱና ተመላሹን አረንጓዴ ብርሃን የሚለዩ ማጣሪያዎችና መስታወቶች፣ በጣም ደካማ ብርሃን የሚቀበል ዲቴክተር ወይም ካሜራ፣ ከመሣሪያው እስከ አይጧ ራስ የሚደርስ ተጣጣፊ ገመድ፣ እንዲሁም ንባቡን የሚመዘግብ ኮምፒውተር ይጨመርበታል። ወደ አንጎል የሚገባው የብርሃን ኃይል ትንሽ ነው፤ በፋይበሩ ጫፍ ላይ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት አሥር ማይክሮዋት የሚቆጠር ነው።

የተገጣጠመ ዕቃ የሚሸጡ ኩባንያዎች ቢኖሩም፣ በጀቱ የጠበበ ላብራቶሪ ራሱ ሊገጣጥመው ይችላል። በ2019 ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ፓይፎቶሜትሪ የተባለው ሥርዓት ንድፉም ሶፍትዌሩም ለማንም ክፍት ነው። በእኔ እይታ በዋጋ ከመሣሪያው ይልቅ የሚከብደው የጂካምፕን ዘረመል ወደ ሕዋሳት የሚያደርሰውን ቫይረስ፣ በዘረመል የተለወጡትን አይጦችና የቀዶ ሕክምና ክፍሉን በቋሚነት ማቆየት ነው።

ፋይበሩ ወደ አንጎል የሚገባው እንዴት ነው?

አይጧ በማደንዘዣ እንድትተኛ ከተደረገ በኋላ ራሷ እንዳይንቀሳቀስ ስቴሪዮታክሲክ በሚባል ፍሬም ላይ ይታሰራል። የራስ ቆዳዋ በጥቂቱ ተከፍቶ የራስ ቅሉ ስፌቶች የሚገናኙበት ብሬግማ የሚባል ነጥብ ይፈለጋል፤ የአንጎል ካርታ ሁሉ የሚቆጠረው ከዚህ ነጥብ ነው። ለምሳሌ በመሐል አንጎል ውስጥ ብዙ የዶፓሚን ሕዋሳት ያሉበትን ቦታ ለማግኘት ከብሬግማ 3 ሚሊሜትር ገደማ ወደ ኋላ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ወደ ጎን፣ ከዚያም ከ4 ሚሊሜትር በላይ ወደ ታች መሄድ ያስፈልጋል።

በዚያ ነጥብ ላይ በትንሽ መሰርሰሪያ ቀዳዳ ይበጃል። በቀጭን የመስታወት ቱቦ ጥቂት መቶ ናኖሊትር ቫይረስ በዝግታ ይገባል፤ ቱቦው ወዲያው ከተነቀለ ቫይረሱ በገባበት መንገድ ተከትሎ ስለሚወጣ፣ ጥቂት ደቂቃዎች ባለበት ይቆያል። ቀጥሎ ፋይበሩ እጅግ በዝግታ ወደ ታች ይወርድና ከላይ የቀረው አጭር ጫፉ በጥርስ ሐኪሞች ሲሚንቶ ከራስ ቅሉ ጋር ይጣበቃል። ሲሚንቶው ሲደርቅ ከአይጧ ራስ በላይ የሚታየው ጥቂት ሚሊሜትር የሚረዝም የሴራሚክ አንገት ብቻ ነው። ቫይረሱ ሕመም የማያመጣ፣ አዴኖ አሶሺዬትድ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ሥራው የጂካምፕን ዘረመል ወደ ሕዋሳቱ ማድረስ ነው። ሕዋሳቱ ፕሮቲኑን በበቂ መጠን እስኪሠሩ ድረስ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይጠበቃል።

አይጧ አትሠቃይም?

ቀዶ ሕክምናው በማደንዘዣ የሚደረግ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ለተወሰኑ ቀናት የሕመም ማስታገሻ ይሰጣል። አንጎል ራሱ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም፤ የሚያመው ቆዳውና የአንጎሉ ሽፋን ነው። ካገገመች በኋላ አይጧ ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ ጎጆዋን ትሠራለች። ይህ ማለት ግን ጉዳት የለም ማለት አይደለም። 400 ማይክሮሜትር የሚወፍር ክር በመንገዱ ላይ ያገኘውን የአንጎል ክፍል እየጎዳ ነው የሚወርደው፤ ሙከራው ሲያበቃም አይጧ ተገድላ አንጎሏ ይመረመራል። ይህን መሸፋፈን ተገቢ አይመስለኝም።

ሥራው ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሊካሄድ አይገባም። ኮሚቴዎቹ የሚመሩበት መርሕ በ1959 ራስልና በርች ያቀረቡት ሲሆን፣ በሌላ መንገድ መተካት የሚቻል ከሆነ እንስሳውን መተካት፣ ካልተቻለ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩንም ማቃለል የሚሉ ሦስት ግዴታዎች አሉት። ፋይበር ፎቶሜትሪ በሁለተኛው ግዴታ በኩል ጥቅም አለው፤ አንዲትን አይጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ደጋግሞ መቅዳት ስለሚቻል፣ በየቀኑ ሌላ እንስሳ ማምጣት አያስፈልግም።

አንድ የቀረጻ ቀን ምን ይመስላል?

ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ብርሃኑ በገመዱ ውስጥ ለረጅም ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም ሌሊቱን ሙሉ፣ እንዲበራ ይተዋል። ገመዱ ራሱ ጥቂት የሚያበራ በመሆኑ፣ ይህ የራሱ ብርሃን አስቀድሞ ካልደከመ ከአይጧ ከሚመጣው ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ አይጧ በእጅ ተይዛ በራሷ ላይ ያለው የሴራሚክ አንገትና የገመዱ ጫፍ በትንሽ የሴራሚክ እጅጌ ውስጥ ይገናኛሉ። ሁለቱ መስታወቶች በትክክል ሲነካኩ በስክሪኑ ላይ ያለው ንባብ ድንገት ከፍ ይላል፤ በመሐላቸው አቧራ ካለ ወይም በግማሽ ብቻ ከገጠሙ ንባቡ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ አይጧ ራሷን ባዞረች ቁጥርም ይዘላል።

አይጧ ወደ ሣጥኗ ስትገባ ከሷ በላይ ያለው ካሜራ እያንዳንዱን እርምጃዋን ይቀርጻል። የምግብ እንክብል ሳህኗ ላይ ሲወድቅ ያ ቅጽበት በኤሌክትሪክ ምልክት ከብርሃኑ ንባብ ጎን ይመዘገባል። ቀረጻው የዶፓሚን ሕዋሳት ላይ ከሆነ፣ ያልጠበቀችው እንክብል በወደቀ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መስመሩ ሽቅብ ተነሥቶ ቀስ እያለ ሲወርድ በዓይን ይታያል። ከእንክብሉ በፊት ሁልጊዜ ድምፅ እየተሰማ ሥልጠናው ለቀናት ሲቀጥል ደግሞ ጭማሪው ከእንክብሉ ወደ ድምፁ እየተላለፈ ይሄዳል። የነርቭ ሳይንቲስቱ ቮልፍራም ሹልትስ ቀደም ብሎ በዝንጀሮዎች ላይ በኤሌክትሮድ (የሕዋሳትን የኤሌክትሪክ ምት በሚቀዳ ቀጭን ሽቦ) ያሳየው ይህ የዶፓሚን ጠባይ ዛሬ ለአዲስ የፎቶሜትሪ ላብራቶሪ እንደ መፈተኛ ያገለግላል፤ መሣሪያው በትክክል ከሠራ ይህን ማሳየት አለበት።

ኤሌክትሮድ እያለ ይህ ለምን አስፈለገ?

ኤሌክትሮድ ፍጥነት አለው፤ እያንዳንዱን የነርቭ ምት በሚሊሴኮንድ ደረጃ ይቆጥራል። የማያውቀው ግን የሚሰማው ሕዋስ ምን ዓይነት መሆኑን ነው። በአንድ ነጥብ ላይ የተለያየ ሥራ ያላቸው ሕዋሳት ተቀላቅለው ስለሚገኙ፣ በስትራያተም ውስጥ ያሉትን ሁለት መስመሮች በምታቸው ብቻ መለየት እጅግ ያስቸግራል። በፎቶሜትሪ ግን ክሬ በሚባለው የዘረመል ዘዴ ጂካምፕ በአንደኛው ዓይነት ሕዋስ ውስጥ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ስለሚቻል፣ የሚመጣው ብርሃን ከማን እንደመጣ አስቀድሞ ይታወቃል።

ሁለተኛው ጥቅም ጥልቀት ነው። ሁለት ፎቶን የሚባለው ማይክሮስኮፕ የሚያየው በተለምዶ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ጥልቀት ሲሆን፣ አይጧም ብዙውን ጊዜ ራሷን ታስራ መቀመጥ አለባት። ፋይበር ግን የአንጎል ወለል ድረስ ይወርዳል። በራስ ላይ የሚጫኑ ትንንሽ ማይክሮስኮፖችም አሉ፤ እነሱ እያንዳንዱን ሕዋስ ለይተው ያሳያሉ፣ ነገር ግን ሁለት ግራም ገደማ የሚመዝን ዕቃ ከ20 እስከ 30 ግራም ለምትመዝን እንስሳ ቀላል ሸክም አይደለም።

የእያንዳንዱን ሕዋስ ሥራ መለየት ይቻላል?

አይቻልም፤ ዘዴውን በተመለከተ ከሁሉ በላይ ሊታወስ የሚገባውም ይህ ነው። ከሠርግ ድንኳን ውጭ የቆመ ሰው እልልታው ሲደምቅና ሲበርድ ይሰማል እንጂ ማን እልል እንዳለች አያውቅም፤ የፎቶሜትሪ ንባብም እንዲሁ ነው። ግማሾቹ ሕዋሳት ሥራቸውን ጨምረው ግማሾቹ በእኩል ቢቀንሱ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከቀጥተኛ መስመር ተነሥቶ ምንም አልተከናወነም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ብርሃኑ የሚሰበሰበው ከፋይበሩ ጫፍ ፊት ለፊት ካለ ትንሽ ቦታ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚመጣው ከጫፉ ጥቂት መቶ ማይክሮሜትር ርቀት ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት ፋይበሩ ከታሰበው ቦታ ግማሽ ሚሊሜትር ቢያፈነግጥ ሌላ የአንጎል ክፍል እየተቀዳ ሊሆን ይችላል። ሙከራው ካለቀ በኋላ አንጎሉ በስሱ ተቆራርጦ የፋይበሩ ጫፍና ጂካምፕ ያለባቸው ሕዋሳት የት እንዳሉ በማይክሮስኮፕ መረጋገጥ ያለበትም ስለዚህ ነው። ይህን ማረጋገጫ የማያሳይ ጽሑፍ ሲያጋጥም በጥርጣሬ ማንበብ ይገባል።

ካልሲየም ብቻ ነው የሚለካው?

አይደለም። በ2018 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በካሊፎርኒያ የሊን ቲያን፣ ሌላው በቤጂንግ የዩሎንግ ሊ፣ ዶፓሚንን ራሱን የሚያውቁ አብሪ ፕሮቲኖችን ይፋ አደረጉ። የሊን ቲያን ዲላይት፣ የዩሎንግ ሊ ደግሞ ግራብ ይባላል። ሁለቱም የተሠሩት በሕዋስ ሽፋን ላይ ያለውን የተፈጥሮ የዶፓሚን ተቀባይ ከአብሪ ፕሮቲን ጋር በማገናኘት ነው። ከዚያ በኋላ ለሴሮቶኒን፣ ለአሴቲልኮሊን፣ ለኖርኤፒነፍሪንና ለሌሎችም ተመሳሳይ ጠቋሚዎች ተሠርተዋል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጂካምፕ የሚናገረው ስለ ዶፓሚን ሕዋሱ ሥራ ሲሆን፣ ዲላይት የሚናገረው ስለወጣው ዶፓሚን ነው። የዶፓሚን መውጣት በሕዋሱ ጅማት (አክሰን) ጫፍ ላይ በሌሎች ሕዋሳትም ሊቀሰቀስ ስለሚችል ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መስመር አይሰጡም።

405 ናኖሜትር ብርሃን የሚጨመረው ለምንድን ነው?

አይጧ ስትሮጥ ገመዱ ይታጠፋል፣ አንጎሏም በራስ ቅሏ ውስጥ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ ሁለቱም ተመላሹን ብርሃን ይለውጡታል። የብርሃኑ መጨመር ከካልሲየም ይሁን ከእንቅስቃሴ የመጣ ለመለየት፣ ጂካምፕ ካልሲየም ቢይዝም ባይዝም እኩል የሚያበራበት የሞገድ ርዝመት ይፈለጋል፤ ይህም አይሶስቤስቲክ ነጥብ ይባላል። በዚያ ብርሃን የሚታይ ለውጥ የካልሲየም ሊሆን ስለማይችል እንደ ማነጻጸሪያ ያገለግላል። ታሊያ ለርነርና ባልደረቦቿ በ2015 ባሳተሙት ሥራ ከተጠቀሙበት ወዲህ አሠራሩ የተለመደ ሆኗል። ሁለቱ ብርሃኖች እንዳይደባለቁ አንድም በተለያየ ድግግሞሽ ይርገበገባሉ፣ አንድም በየተራ ይበራሉ።

ብዙ ጀማሪዎች ግን ይህን ማነጻጸሪያ ከሚገባው በላይ ያምኑታል። 405 ከጂካምፕ ትክክለኛ ነጥብ ጥቂት ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ካልሲየም ሲጨምር በዚህ ብርሃን የሚገኘው ንባብ በትንሹ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ የወረደ ንባብ ከዋናው ሲቀነስ ውጤቱን ከእውነቱ አጋንኖ ያሳያል። አንዳንዶች ወደ 415 የተሻገሩትም ለዚህ ነው። ነጥቡ ከጠቋሚ ጠቋሚ ስለሚለያይ ለጂካምፕ የሠራው ለዶፓሚን ጠቋሚ ላይሠራ ይችላል። በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢንም ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ስለሚውጥ፣ በፋይበሩ አካባቢ የደም ፍሰት ሲለወጥ መስመሩም ይለወጣል፤ ሁለቱን የሞገድ ርዝመቶች የሚውጠው በእኩል መጠን ስላልሆነም ማነጻጸሪያው ይህን ሙሉ በሙሉ አያስተካክለውም። አስተማማኙ ማረጋገጫ ካልሲየም የማያውቅ ተራ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን የተሰጣቸውን ሌሎች አይጦች በተመሳሳይ ሙከራ መቅዳት ነው። በእነሱም ላይ ተመሳሳይ ጭማሪ ከታየ፣ ጭማሪው የነርቭ ሕዋሳት ሥራ አይደለም።

መስመሩ ሲወጣ የነርቭ ሕዋሳት ምት ጨመረ ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በመጀመሪያ የፍጥነት ጉዳይ አለ። አንድ የነርቭ ምት የሚቆየው አንድ ሚሊሴኮንድ ገደማ ሲሆን፣ የስድስተኛው ትውልድ ጂካምፕ ብርሃን ግን ለመጥፋት መቶዎች ሚሊሴኮንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ተከታታይ ምቶች አንድ ላይ ተደማምረው አንድ እብጠት ይሆናሉ። በ2023 የታተመው ስምንተኛው ትውልድ አነሳሱ እጅግ ፈጣን ቢሆንም የምት ቆጣሪ አያደርገውም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ አሳሳቢ ነው። በ2022 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የሚገኙ ተመራማሪዎች በስትራያተም ውስጥ ፋይበሩ የሚያነበውን ከሕዋሳቱ የኤሌክትሪክ ምት ጋር አስተያይተው፣ ብርሃኑ በአብዛኛው የሚመጣው ከሕዋሱ አካል ሳይሆን ከቅርንጫፎቹ መሆኑን አሳይተዋል። ቅርንጫፎቹ ካልሲየም የሚያስገቡት ከሌሎች ሕዋሳት መልእክት ሲቀበሉም ጭምር ነው። ይህ ማለት፣ ቢያንስ በዚያ የአንጎል ክፍል፣ መስመሩ ሲወጣ ሕዋሳቱ መልእክት መቀበላቸውን ያሳይ ይሆናል እንጂ እነሱ ራሳቸው መልእክት ማስተላለፋቸውን በግድ አያሳይም። «ሕዋሳቱ ተኮሱ» ከሚለው ይልቅ «የካልሲየም ምልክቱ ጨመረ» ብሎ መጻፍ ለእውነቱ የቀረበ ነው።

በአንድ ጊዜ ስንት የአንጎል ቦታ መቅዳት ይቻላል?

አንድ ዲቴክተር አንድ ፋይበር ያነባል፤ ካሜራ ግን የብዙ ፋይበሮችን ጫፍ በአንድ ምስል ውስጥ ስለሚያይ ሁሉንም አብሮ መለካት ይችላል። ይህ አሠራር በ2016 ከስታንፎርድ የቀረበ ሲሆን፣ በ2019 በዙሪክ የፍሪትዮፍ ሄልምሸን ቡድን በጣም ቀጫጭን ፋይበሮችን ጎን ለጎን ደርድሮ በአሥራዎች የሚቆጠሩ ቦታዎችን አንድ ላይ ቀድቷል። ፋይበሮቹ በበዙ ቁጥር ግን የሚጎዳው አንጎልም ይበዛል።

ለሰው ይሠራል?

በዚህ መልኩ ለሰው አይደረግም። ጤናማ የሆነ ሰው አንጎል ውስጥ የጄሊፊሽ ዘረመል በቫይረስ ማስገባትና ፋይበር መትከል ለምርምር ብቻ ተብሎ ሊፈቀድ የሚችል ነገር አይደለም። ከአይጥ የሚገኘው እውቀት ለሰው የሚጠቅመው በተዘዋዋሪ ነው፤ ለምሳሌ አንድ መድኃኒት ወይም ሱስ የሚያስይዝ ነገር በየትኛው ዓይነት ሕዋስ ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ በማሳየት። የአይጥ አንጎል ወደ 70 ሚሊዮን፣ የሰው ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉት ማስታወስም ያስፈልጋል።

ከስድስት አይጦች ስድስት መቶ ቀረጻ ካለኝ፣ የናሙናዬ ቁጥር ስንት ነው?

ስድስት ነው። ከአንዲት አይጥ የተገኙ መቶ ቀረጻዎች አንድ ፋይበር፣ አንድ የቫይረስ መርፌና አንድ አንጎል ስለሚጋሩ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ እያንዳንዳቸውን እንደ ራሱን የቻለ ናሙና መቁጠር ኢምንቱን ልዩነት ትልቅ ግኝት ያስመስለዋል። ሁለት መፍትሔዎች አሉ፤ ወይ የእያንዳንዷን አይጥ አማካይ ወስዶ አማካዮቹን ማነጻጸር፣ ወይም ቀረጻዎቹ በየአይጧ ሥር መሆናቸውን በስሌቱ ውስጥ የሚያስገባ ቅይጥ ሞዴል መጠቀም።

የአንዷ አይጥ ብርሃን ከሌላዋ ቢደምቅ፣ አንጎሏ ይበልጥ ይሠራል ማለት ይቻላል?

አይቻልም። የብርሃኑ ድምቀት የሚወሰነው ቫይረሱ ምን ያህል እንደያዘ፣ ፋይበሩ ከሕዋሳቱ ምን ያህል እንደራቀና ገመዱ ምን ያህል በትክክል እንደገጠመ ሲሆን፣ እነዚህ ሁሉ ከአይጥ አይጥ ይለያያሉ። ስለዚህ ጥሬው ቁጥር አይነጻጸርም። የተለመደው መንገድ የብርሃኑን ለውጥ ለመነሻ ደረጃው ማካፈል ነው፤ ይህም ዴልታ ኤፍ በኤፍ ይባላል። አንዳንዶች በዚህ ፈንታ ለውጡ ከመነሻው መዋዠቅ ስንት እጥፍ እንደሆነ በዚ ስኮር ያሰሉታል። ሁለቱም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው፤ ለምሳሌ አንድ መድኃኒት የመነሻውን መዋዠቅ ብቻ ቢያረጋጋው፣ የዚ ስኮሩ ጭማሪ ሕዋሳቱ ለእንክብሉ የሰጡት ምላሽ ያደገ ያስመስለዋል።

ከዚህ የተነሣ ፎቶሜትሪ ጠንካራ የሚሆነው በሴኮንዶች ውስጥ የሚሆን ለውጥን፣ በዚያችው አይጥ፣ ከአንድ ክስተት በፊትና በኋላ ሲያነጻጽር ነው። የዛሬ ወር የነበረው የዶፓሚን መጠን ከዛሬው ይበልጥ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ግን ከአቅሙ ውጭ ነው፤ ጠቋሚው በብርሃን ብዛት እየደበዘዘ ሲሄድና የሕዋሳቱ የፕሮቲን መጠን በሳምንታት ውስጥ ሲለዋወጥ ከእውነተኛ ለውጥ መለየት አይቻልምና። ለዚህ ጥያቄ የተሻለ ተስፋ የሚሰጠው የብርሃኑን ብዛት ትቶ አብሪው ሞለኪውል ብርሃኑን ለመልቀቅ የሚወስድበትን የናኖሴኮንድ ጊዜ የሚለካው አሠራር ነው፤ ይህ ጊዜ በጠቋሚው ብዛት ስለማይወሰን በአይጦችና በቀናት መካከል ማነጻጸር ያስችላል፤ ግን የሚሠራው ለዚያ በሚመቹ ጠቋሚዎች ብቻ ነው፣ መሣሪያውም ከተራው የፎቶሜትሪ መሣሪያ ይልቅ ውድ ነው።